በታንኳ የተለካ እርሻ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባሮ ወንዝ ዳር ነው። ጥርጊያው መንገድ እስኪያልቅ በባጃጅ ይኬዳል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር። በክረምት የባጃጁ ጉዞ ያጥርና የእግሩ ይረዝማል። እኔ ከደጋ የመጣሁ ነኝ፤ ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ባልደረቦቼ ወደየቤተሰቦቻቸው ይበተናሉ፤ እኔም እንደነሱ። ባለፈው ዓመት ክረምት ግን ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ ሳልሄድ ቀረሁ። ያስቀረኝ የመንግሥት የእርሻ ድጋፍ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። መንግሥት አነስተኛ ማሳ ላላቸው ገበሬዎች ለዘርና ለእርሻ መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ ሊሰጥ ወሰነ። ክፍያው እንደ መሬቱ ስፋት ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ያለ አባወራና እማወራ ሁሉ መመዝገብ፣ መሬቱም መለካት ነበረበት። የእኛ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሦስት ቀበሌ የሚያዳርስ አንድ ሰው ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ወባ ይዞት ተኝቷል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጽሑፉ የሚነበብ አንድ መምህር ለሦስት ሳምንት እንዲሰጠው ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ጻፈ። ርእሰ መምህራችን ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ያልተሞላ ቅጽ ሲሰጠኝ፣ ሌላው ሰው ትኩስ ምግብ ሲቀርብለት የሚሰማው ዓይነት ስሜት ይሰማኛል። ከቅጹ በተጨማሪ የራሴን መዝገብ በማስመሪያ አሰመርኩ። ሃምሳ ሜትር የናይሎን ገመድ ገዝቼ በየአሥር ሜትሩ ቋጠሮ አበጀሁለት፤ በየቋጠሮው ላይም ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ።

ሥልጠናው በከተማው መሃል ባለው ቢሮ ግማሽ ቀን ተሰጠን። ኃላፊው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከባሮ በታች ኑዌሮች በሚኖሩበት በማታር በኩል ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። አንዱን መመሪያ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፦ በዓይን ያልታየና በገመድ ያልተለካ መሬት አይመዘገብም። ምክንያቱንም ነገሩን። ከዓመታት በፊት በሠሩበት ሌላ ቦታ፣ በወረቀት ላይ ያለ በምድር ላይ የሌለ እርሻ እየቀረበላቸው ተቸግረው ነበር። አንድ ሰው ሰፊ የማሽላ ማሳ አለኝ ብሎ አስመዝግቦ፣ ሄደው ሲያዩት የወጣቶች ኳስ ሜዳ ሆኖ አገኙት፤ ጎሉ ሳይቀር ቆሟል። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ያን ዓመት ማብራሪያ ሲጽፉ መክረማቸውን ብቻ ነገሩን።

መመሪያው ልቤ ውስጥ ገባ። ማየት፣ መለካት፣ መመዝገብ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

ገመዱን የሚይዝልኝና የሚያስተረጉመኝ፣ የሚተረጉምልኝም ሰው ያስፈልገኝ ነበር። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ሁለቱንም ሥራ ወሰደ። አኙዋ ነው፤ የተወለደው እዚያው ወንዙ ዳር ሲሆን የራሱ ታንኳም አለው። አኙዋኛ፣ ኑዌርኛና አማርኛ ይናገራል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጨምርበታል። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን «አንተ» ነው የምለው፣ እሱም እኔን እንደዚያው። እዚህ አማርኛ የጋራ መግባቢያ እንጂ የብዙ ሰው የአፍ መፍቻ ስላልሆነ «እርስዎ» እምብዛም አይሰማም። አክብሮቱ የሚታወቀው በድምፅና በእጅ አጨባበጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር፤ አሁን የምቸገረው አገር ቤት ስሄድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እንደ ሰዓት ሄዱልኝ። ከየቤቱ ጓሮ የበቆሎና የማሽላ ማሳ አለ። ጥበቃው የገመዱን አንድ ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ሌላውን ይዤ እጮኻለሁ፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ባለመሬቱ ይፈርማል። ሰዉ ሥራውን እየተወ ሊያየን ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ቀያዮቹን ጨርቆች አይተው ገመዱ የመንግሥት በሬ ማሰሪያ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔም ሄክታር ምን እንደሆነ፣ አንድ ሄክታር ስንት የኳስ ሜዳ እንደሚሆን በዝርዝር አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ለጥበቃው አንድ ነገር ነገሩት፤ ጥበቃው አልተረጎመልኝም።

በአምስተኛው ቀን መንደሩ ጫፍ ላይ ወዳለ ቤት ደረስን። በሩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች። ባሏ የሞተባት፣ አርባ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። በአገሬ ወግ መሠረት «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አልኳት።

መረቡን አስቀመጠች። «እማማ የሚባለው ጥርሱ ያለቀ ነው» አለች በአማርኛ። «እኔ ደረቅ በቆሎ በጥርሴ ነው የምፈለፍለው። ላሳይህ?»

ከዚያ በኋላ «እህቴ» አልኳት። እሷ እኔን «ቲቸር» አለችኝ፤ እዚህ ሁሉም የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

ስሟን ጻፍኩ፤ የቤተሰቧን ቁጥር ጻፍኩ። መሬትሽ የት ነው ስላት ተነሥታ ቀድማን ወደ ወንዙ ሄደች። ወሩ ነሐሴ ነው። ባሮ በነሐሴ ቡናማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩን ሞልቶ፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ዳርቻው ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ ወንዙ ወደሚታጠፍበት፣ ወደ ማዶ። ማዶ ላይ የሚታየው ውሃና የሸምበቆ ጫፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዛፎች።

«ከዛፎቹ ጀርባ ነው?» አልኳት።

«ከዛፎቹ ፊት።»

«ከዛፎቹ ፊት ያለው ውሃ ነው።»

«አሁን ውሃ ነው» አለች።

አስረዳኋት። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ጥሩ አድርጌ ማስረዳቴ ነው። አንደኛ፣ መሬት ማለት የሚታረስ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ መመሪያው በዓይን የታየ ብቻ እንደሚል፤ ሦስተኛ፣ ይህ የሆነው እሷን ለመጉዳት ሳይሆን ሁሉም በእኩል እንዲታይ መሆኑን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እያዘንኩ ነው የተናገርኩት። ከዚያ «የመሬት ስፋት» በሚለው ሥር ክብ፣ ንጹሕ፣ የሚነበብ ዜሮ ጻፍኩ።

ምን እንደጻፍኩ ጥበቃውን ጠየቀችው። ነገራት። መሣቅ ጀመረች። እስክትቀመጥ ድረስ ሣቀች። ጎረቤቶቿን ተጣራች፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ለእነሱም ነገረቻቸው፤ እነሱም ሣቁ። ቲቸሩ ባሮን ሊለካ መጣና ምንም የለም ብሎ ጻፈ፤ የተነገረው ይኸው ነበር። እኔም ከጨዋነት የተነሣ አብሬ ሣቅሁ። ያልሣቀው ጥበቃው ብቻ ነው። አንድ ነገር እንዳበላሸሁ የገባኝም በዚያ ነው፤ እሱ የማይሥቅበት ነገር በጣም ጥቂት ነውና።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅሁት። እሱ ከእኔ ባጠረ ቃል አስረዳኝ። የዚህ አገር ሰው ሁለት ጊዜ ይዘራል። አንዱ ጓሮው ላይ በዝናብ የሚዘራው ነው። ሌላው የወንዙ ዳር ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ባሮ እየሸሸ ይሄዳል፤ በሸሸበት ላይ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ለስላሳ ደለል ጥሎ ያልፋል። ያን ጊዜ በሬ አይጠመድም፤ ዝናብ አይጠበቅም። በሹል እንጨት ይወጋል፣ ዘሩ ይጣላል፣ በተረከዝ ይደፈናል። አገሩ ሁሉ በደረቀበት በጥር ወር የሽሽቱ በቆሎ እሸት ይሆናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከየት እስከ የት የእሱ እንደሆነ ከእናት ከአባት ጀምሮ ይታወቃል።

እኔ ያደግሁበት አገር መሬት ክረምት ከበጋ አንድ ቦታ ነው። አባቴ ድንበሩ ላይ ያስቀመጠው ድንጋይ እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው። መሬት በዓመት አምስት ወር ሄዶ ሰባት ወር ይመለሳል ብሎ የነገረኝ መጽሐፍ የለም፤ ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ጂኦግራፊ እያስተማርኩ።

«ሌሎቹስ?» አልኩት። «የሌሎቹንም የወንዝ መሬት አልጻፍኩም ማለት ነው?»

አልጻፍክም አለኝ። ግን ሌሎቹ ጓሮ አላቸው፤ ክፍያቸው ያንሳል እንጂ አይቀርም። እሷ ግን ባሏ ሞቶ ወደ ወላጆቿ ቀዬ ስትመለስ የደረሳት ያ የማዶው መሬት ብቻ ነው። ዜሮ ማለት ለእሷ ከዝርዝሩ መውጣት ነው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ታንኳዋ ባለፈው ዓመት ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጪ ሆኗል፤ ያለ ታንኳ ማዶ መሻገር የለም። ወንዙን ወረድ ብሎ ያለ አንድ ጠራቢ ከአንድ ግንድ ታንኳ እየቦረቦረላት ነው። የድጋፉ ገንዘብ ሲመጣ ትከፍለዋለች፤ ካልመጣ ለሌላ ይሸጠዋል። ውሃው ሲሸሽ ከወዲህ ማዶ ሆና መሬቷን እያየች ትቀራለች።

«ለምን እዚያው አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እያስረዳህ ነበር» አለኝ።

ያን ምሽት መመሪያውን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። በዓይን የታየ ይላል፤ በገመድ የተለካ ይላል። ደረቅ የሆነ አይልም። ሦስት ጊዜ ፈለግሁት፤ የለም። መዝገቡ የሚዘጋው በሳምንቱ ዓርብ ነው። ጠዋት ጥበቃውን በር ላይ አገኘሁትና የሴትዮዋን መሬት እንለካለን አልኩት።

«ልትዋኝ ነው?»

«በታንኳ።»

«መዋኘት ትችላለህ?»

አልችልም አልኩት። አሰብ አደረገና፣ «እንግዲያው ገመዱን ወገብህ ላይ እሰረው» አለኝ። «ቢያንስ ገመዱ አይጠፋብንም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሦስት ታንኳ ወጣን። አንዱ የጥበቃው ነው፤ እኔና ሴትዮዋ እሱ ላይ ነን። ሁለተኛው ከመሬቷ በላይ በኩል የሚያዋስናት ጎረቤት፣ ሦስተኛው በታች በኩል የሚያዋስናት። ዋናውን ወንዝ ስናቋርጥ ዓይኔን መዝገቤ ላይ ተክዬ ነበር፤ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ማዶ ስንደርስ ግን ውሃው ተለወጠ። ወንዙ የሚታጠፍበት የውስጠኛው ጎን ስለሆነ ፍጥነቱን ጥሎ የተኛ ይመስላል። ይህን ለሰባተኛ ክፍል በሥዕል አስተምሬዋለሁ፤ ወንዝ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ደለል ይጥላል። አስተምሬዋለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ታንኳው ፊት ላይ ቆማ ረጅም ዘንጓን ወደ ታች ሰደደች። ዓይኗ ውሃው ላይ አይደለም፤ ሩቅ ነው የምታየው። የምትሠራው በእጇ ነው። ዘንጉን ትወጋለች፣ ትንሽ ታዞረዋለች፣ ታወጣዋለች። ሁለት ክንድ ያህል ወደፊት እንድንቀርብ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ጥበቃው ቀዘፈ። ዘንጉ አንድ ጠንካራ ነገር መታ።

«ጉቶ ነው» አለች። «እናቴ ወፍ ስትጠብቅ እዚህ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

የላይኛው ጎረቤት ራሱን ነቀነቀ። የመጀመሪያዋን ማዕዘን ጻፍኩ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ዘንጉ የሚወጋው ለስላሳ ሲሆን የእሷ ነው፤ አሸዋ ሲሆን የእሷ አይደለም፤ አሸዋማውን ማንም አይዘራበትም። በታች በኩል ግን ጠብ ተነሣ። የታችኛው ጎረቤት፣ በአንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ ወፍራም ሰው፣ «ሦስት እርምጃ ወደ መሬቴ ገብታለች» አለ። እሷ ደግሞ ዘንጓን እንደያዘች ዞር ብላ መለሰችለት። ሁለቱም በአኙዋኛ ነው የሚጨቃጨቁት፤ ጥበቃው መሃል ቆሞ ይተረጉምልኛል። ሰውዬው ባለፈው ዓመት ያንን ረድፍ እኔ ነኝ ያጨድኩት ይላል። እሷ የለም፣ ያን ረድፍ ያጨደው ጉማሬ ነው፣ ጉማሬው ያንተ ከሆነ ግን እሱንም ለቲቸሩ አስመዝግበው ትላለች። የላይኛው ጎረቤት ታንኳው እስኪወዛወዝ ሣቀ። በመጨረሻ ወፍራሙ ሰው በራሱ ዘንግ ወግቶ፣ አዙሮ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ወግቶ፣ ሁለቱን እርምጃ ለቀቀላት፤ አንዷን ያዘ። እሷም ተስማማች። ሁለተኛዋን ማዕዘን ጻፍኩ፤ የቀሩትን ሁለቱንም እንዲሁ በዘንግ አገኘናቸው።

ገመዱን መወጠር ቀላል አልነበረም። ውሃው መሃሉን እየገፋ ቀስት ያደርገዋል፤ ቀስት የሆነ ገመድ ደግሞ ከእውነተኛው ርቀት የበለጠ ያሳያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁና አነስተኛውን ወሰድኩ። ይህን ለምን እንደማደርግ ለሁሉም አስረዳሁ። ማንም አልተቃወመኝም፤ ታንኳ ላይ ሆኖ የሚሄድበት ስላልነበረ ይሆናል። ሥራው ስለያዘኝ መዋኘት አለመቻሌን ረስቼው ነበር። አንድ ረጅም ጥቁር ነገር ከጎናችን ሲንሳፈፍ አየሁና ድንገት ቁጭ አልኩ።

«እንጨት ነው፣ ቲቸር» አለኝ ጥበቃው። «አዞ ቢሆን ኖሮ አታየውም ነበር።»

ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው።

በመጨረሻ ስፋቱን አሰላሁ። ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። «የመሬቱ ሁኔታ» በሚለው ቦታ ላይ «ውሃ ሥር፤ ጥልቀት እስከ ደረት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ጎረቤቶች ላስቲኩ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ወሬው መንደሩ ውስጥ ቀድሞን ደርሶ ስለነበር ሌሎቹም የወንዝ መሬታቸው እንዲለካላቸው ጠየቁ። ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት በታንኳ ላይ አሳለፍኩ፤ በሁለተኛው ቀን ቆሜ መጻፍ ቻልኩ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ከተማ ሄድኩ። ሴትዮዋም አብራኝ መጣች፤ ማንም አልጠራትም። የታጠበ ልብስ ለብሳ መንገዱ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። በባጃጅ አብረን ደረስን።

ኃላፊው መዝገቤን ገጽ በገጽ አዩት፤ አጻጻፌን አመሰገኑ። የወንዙ ገጾች ላይ ሲደርሱ መግለጣቸውን አቆሙ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ፎቶው ላይ ያለው ብዙ ውሃ፣ ሦስት ታንኳና አየር ላይ የተወጠረ ቀይ ጨርቅ ያለው ገመድ ነው።

«እዚህ ጋ ያየኸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ውሃ» አልኩ።

«እንግዲያው መሬት አላየህም።»

አንደኛ ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ይህን ብቀበል፣ አሉ፣ ነገ አንድ ሰው ከዚህ እስከ ማታር ያለውን ባሮ ሁሉ እርሻዬ ነው ብሎ ያስመዘግባል፤ በምን እከለክለዋለሁ? የሌሎቹ ጓሮ ይመዝገብ፤ የወንዙ ለሚቀጥለው ዓመት በበጋ ይታይ። አሳማኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ትክክል ነበሩ፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው እሱን ነው። እሷ ግን ለሚቀጥለው ዓመት የምትሻገርበት አልነበራትም።

ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች።

«አንተ በጥር እሸት በቆሎ ትበላለህ?»

ኃላፊው ወደ እሷ ዞሩ። «እበላለሁ» አሉ።

«ከየት?»

«ከገበያ። ከሰል ላይ የሚጠብሱት ሴቶች አሉ።»

«በጥር ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ በቆሎው ከየት መጣ?» አለች። «ቲቸር አላየም። አንተ ግን በልተኸዋል።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እኔን ትተው እሷን ይጠይቁ ጀመር። ውሃው የሚሸሸው መጀመሪያ ከየትኛው ጫፍ ነው? ከላይኛው፣ አለች። ለምን? ጉቶው ደለል ስለሚይዝ እዚያ ከፍ ይላል። ውሃው እንደሄደ መጀመሪያ የሚበቅለው አረም ምንድን ነው? ስሙን በአኙዋኛ ነገረቻቸው፤ እሳቸው በኑዌርኛ መለሱላት፤ ሁለቱም አንድ ሣር መሆኑን ተስማሙ። ስንት ቀን ጠብቀሽ ነው የምትዘሪው? ተረከዜ እስኪሰምጥ፣ ቁርጭምጭሚቴ ግን እስከማይሰምጥ። ጉማሬው በየት በኩል ነው የሚወጣው? እዚህ ላይ ረጅም መልስ ሰጠች፤ የታችኛው ጎረቤትም ስሙ ተነሣ።

ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። «የእናቴም መሬት እንዲሁ ነበር» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ በወረቀት ላይ ብቻ መሬት ያለው ሰው የትኛው ጫፍ መጀመሪያ እንደሚደርቅ አያውቅም አሉኝ። ይህንን በራሴ መዝገብ መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

የእኔን ዜሮ በራሳቸው እስክሪብቶ ሰረዙ፤ በታንኳ የተለካውን ስፋት ጻፉ፤ አጠገቡ ፈርመው ማኅተም አደረጉ። ለሌሎቹም የወንዝ ዳር መሬቶች የሁለት ተዋሳኝ ጎረቤት ምስክርነት እንዲያያዝ የሚል ማስታወሻ ጨመሩ። ሴትዮዋ ማኅተሙን ቀርባ አየችው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆመች። ስንወጣ ባጃጅ ልጥራ ስላት እምቢ አለች፤ ገበያ ገብታ የዘር ዋጋ መጠየቅ ፈለገች። ገንዘቡ ገና እንዳልመጣ፣ መቼ እንደሚመጣም እንደማይታወቅ አስረዳኋት። መጠየቅ በነፃ ነው አለችኝ።

ገንዘቡ በእውነትም ቶሎ አልመጣም። ትምህርት ተከፈተ፤ መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት ተጋመሰ። ባሮ በየቀኑ አንድ አንድ ጣት ዝቅ ይል ጀመር። ታንኳው በዚህ መሃል አልቆ ነበር፤ አንድ ዓሣ አጥማጅም ጠራቢውን ደጋግሞ ጠየቀው። ይህን ስትሰማ ሴትዮዋ መረቧንና የሚፈለፈል በቆሎዋን ይዛ ወደ ጠራቢው ግቢ ወረደች፤ መሬት ላይ የተቀመጠው ታንኳ ውስጥ ገብታ ሥራዋን ትሠራ ጀመር። ማለዳ ትሄዳለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ዓሣ አጥማጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ጥበቃው ይህን ሲነግረኝ አላመንኩም ነበር፤ ቅዳሜ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ታንኳው መሃል እግሯን ዘርግታ መረብ ትጠግናለች፤ ጠራቢው ከጎኗ ሌላ ግንድ ይጠርባል።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«ሰው የተቀመጠበትን ታንኳ ማን ይገዛል?» አለች።

ጠራቢው መጥረቢያውን ሳያቆም፣ ኪራይ ሊያስከፍላት እንደሚያስብ ነገረኝ።

የስልክ መልእክቱ የመጣው በጥቅምት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ለወፍራሙ ጎረቤት ደረሰ፤ እሱም ስልኩን ከፍ አድርጎ በመንደሩ መሃል እየተራመደ አስነበበ። ከሰዓት በኋላ የእሷም ደረሰ። በማግስቱ ከተማ ወርዳ ገንዘቡን አወጣች፤ ለጠራቢው ከፈለች፤ በቀረው ዘር ገዛች። ታንኳውን ወደ ውሃው የገፉት ሰዎች ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር።

ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን ጠዋት በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ወንዙ ሮጡ። የእረፍት ሰዓታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ደወሉ የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ሴኮንድ አላሳልፍም። ደወሉን እንደያዝኩ ልመልሳቸው ተከተልኳቸው።

አዲሱ ታንኳ ዳር ላይ ነው፤ እንጨቱ ገና ቀይ ነው። ሴትዮዋ የዘሩን ከረጢት በላስቲክ ጠቅልላ መሃሉ ላይ አስቀምጣለች፤ ሹል እንጨቷ ከጎኑ ተጋድሟል። አብሬሽ ልሻገር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ታንኳ ላይ ትንቀጠቀጣለህ» አለች። «ዘሩ ይረጥባል።»

ተማሪዎቼ ፊት ለፊቴ ሣቁ፤ ለማስቆም አልሞከርኩም። ገፍታ ወጣች። ወንዙ አሁን ጠባብና ዝግ ያለ ነው፤ ከነሐሴው ጋር አንድ ስም መያዙ ይገርማል። ማዶ ላይ፣ ከዛፎቹ ፊት፣ ጥቁር መሬት ተዘርግቶ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ከለካሁት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከግምቴ ይልቅ ረዘም፣ ቀጠን ያለ ነው። የታችኛው ጫፉ ገና እርጥብ ስለሆነ ሰማይ ይመስላል።

ታንኳዋን ስባ አወጣች፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሄደች። አንድ እግሯን ጭቃው ላይ ተክላ ተጫነችው፤ አየችው፤ ነቀለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መውጋት ጀመረች። እንጨቱ ይወርዳል፣ እጇ ከከረጢቱ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፣ ተረከዟ ይደፍናል፣ አንድ እርምጃ። እንደገና። ተማሪዎቹ ሣቃቸውን ትተው ያዩዋት ነበር። አንዷ ደወል አይደወልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰዓቴን አየሁ፤ አልፎ ነበር። ይህቺ ረድፍ ትለቅ አልኳት፤ ረድፏ ካለቀች በኋላም ሌላ ረድፍ ቆየን።